ከኋላ የሚሰማ ኮቴ

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። አፀደ ሕፃናት ውስጥ የአራት ዓመት ልጆችን ታስተምራለች። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ፤ አፍንጫቸውን የምትጠርግ፣ የጫማቸውን ክር የምታስር ናት።

ከምሳ በኋላ መጋረጃው ይዘጋል፤ ልጆቹም ጠረጴዛው ላይ ራሳቸውን ደፍተው ይተኛሉ። እሷ ማስመሪያዋን ይዛ ከኋላቸው ትዞራለች። ቀና ያለ ካለ ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለች። እሷንም እንደዚሁ ነው ያሳደጓት፤ ምን ክፋት አለው?

ኤልዳና የምትባል ልጅ ግን አትተኛም። ትጮኻለች፤ አጠገቧ የተኛውን ልጅ ትነክሳለች። ትናንት ነከሰች፤ ዛሬም ነከሰች። ርዕሰ መምህሩ መምህርቷን ጠርተው፣ «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለች ወላጆቿ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጉላት» አሏት። መምህርቷ ልጅቷን ትወዳታለች። ግን ደክሟታል፤ በሄደችልኝ ያለችበት ቀንም አለ።

ረቡዕ ዕለት አስቸጋሪ ልጆችን ስለመያዝ ለመምህራን ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኟ እትዬ አስካለ ደብተር አላስወጡም። «በሉ ልጆቼ፣ እነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ራሳችሁን ድፉ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉ። መምህራኑ እየሳቁ ደፉ።

መጋረጃው ተዘጋ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እንቅልፍ ይሁን ሰመመን እሷም አላወቀችው፤ ብቻ እጆቿ ሲያንሱ፣ እግሯ መሬት ሲርቀው፣ ክፍሉ ሲሰፋ፣ ሲሰፋ ታያት። ከዚያ ከኋላዋ የእትዬ አስካለ ኮቴ ተሰማት። መጣ፤ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ፊት የለውም፣ ወገኖቼ። ኮቴ ብቻ። ሳታስበው አጠገቧ የተቀመጠችውን ባልደረባዋን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ኧረ ጥፍርሽ!» አለች ባልደረባዋ።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው፣ «ምን ፈርተሽ ነው ልጄ?» አሏት።

«ራሴን፣ እትዬ» አለች። «በየቀኑ ከልጆቹ ኋላ የምዞረው እኔ ነኝ።» አለቀሰች።

ሐሙስ ማስመሪያውን ተወችው። ከኤልዳና ፊት ለፊት ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እሷም ራሷን ደፋች። ፊት ለፊት ተያዩ።

«አትሄጂም?» አለቻት ልጅቷ።

«አልሄድም፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆይታ ሌላውንም ጨፈነች። ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ሊያዩ ሲመጡ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መምህርቷም ተኝታለች።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ የሚነክሳችሁ ማነው? በር የሚያላትም ልጅ ነው? ስትጠሩት መልስ የማይሰጥ ወንድም ነው? «ጠባዩ ነው» ብላችሁ ከኋላው መዞር ከጀመራችሁ ስንት ዓመታችሁ?

ጌታ እኛን ሊመልስ ሲፈልግ ከኋላችን አልመጣም። ዝቅ ብሎ መጣ፤ ፊቱን አሳየን።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አትምከሩት፤ አትቆጡት። ፊት ለፊቱ ቁጭ በሉ። ወዲያው አያምናችሁም። ቆይቶ «አትሄድም?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ምን ትመልሱለታላችሁ?