ለገብርኤል የተሳለው ሙክት

አባባል ሁሉ አባት አለው፤ አባቱን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህኛውን አባባል አባት ሳፈላልግ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ የሰማሁት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ነው። ዘመኑ ርቋል፣ ግማሹም ከጆሮዬ ወጥቷል። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። አንደኛዋ የምታልባትን ላም ሸጣ ልጇን ልትድር አስባለች። «ታዲያ ያለ ድግስ ምን ሠርግ አለ?» አለች መሰለኝ። ሁለተኛዋ ከቅንድቧ ላይ ዱቄት እየጠረገች አንዲት አጭር ነገር ጣል አደረገችባትና «የነትርንጎን ሙክት አልሰማሽም?» አለቻት። ባለላሟ ሳቀች። በመጨረሻ «እውነትሽን ነው» አለች። ወይም «እውነትሽን ነው?» ብላ ጠይቃ ይሆናል፤ ወፍጮው ይጮኽ ስለነበር አልለየሁትም። ላሚቱ ትሸጥ አትሸጥ አላውቅም።

ትርንጎ ማን ናት? ሙክቱስ ምን ሆነ? ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ፣ በኋላ አንድ ጠበል ቦታ የተዋወቅኋቸው የመንዝ ሽማግሌ እንዲህ ብለው አጫወቱኝ።

መንዝ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በጉም ከብቱም ማታ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድረው። በዚያ አገር ሸዋንግዛው የሚባል ገበሬና ሚስቱ ትርንጎ ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ ደምሰው ሰባት ዓመቱ ነው። ታናሹን ምትኩ አሉት፤ ከእሱ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ሞታባቸው ስለነበረ።

ምትኩ ጥርሱን በጊዜው አበቀለ፤ ዳዴም በጊዜው አለ። አፉም ቢሆን «እማዬ» ከማለቱ በፊት «እምቢ» ማለትን ችሏል። እግሩ ግን ወደኋላ ቀረ። እኩዮቹ ደጅ ለደጅ እየተራወጡ ዶሮ ሲያባርሩ እሱ በቂጡ ይንፏቀቃል። ጎረቤት በመጣ ቁጥር እጁን ይዞ ያቆመውና «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ይለዋል፤ እጁን ሲለቁት ዘጭ!

«እግሩን በቅቤ እሺው እንጂ» ትላለች አንዷ።

«ኧረ ስንፍና ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር አሉ» ትላለች ሌላዋ።

ትርንጎ ትስቃለች። ሲወጡ ግን ሳቋ ይጠፋል። አንድ ልጅ የቀበረች እናት የሌላው እግር ሲዘገይ ምን እንደምታስብ ያየው ያውቀዋል። ኅዳር ላይ እንዲህ ብላ ተሳለች፦ «ቅዱስ ገብርኤል፣ ለታኅሣሥ በዓልህ ልጄ ቆሞ ይሂድልኝ እንጂ፣ ሙክቱን ላንተ አስገባለሁ።» ለባሏ አልነገረችውም።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሙክት አንድ ብቻ ነው። ሸዋንግዛውም ለዚያው ሙክት የራሱ ሐሳብ ነበረው። አማቱ አቶ ወንድይራድ የታወቁ ባለ ርስት ናቸው፤ ልጃቸውን ከሰጡት ጀምሮ ደጁን ረግጠው አያውቁም። ሴቷ ልጅ ስትሞት እንኳ ሰው ላኩ እንጂ ራሳቸው አልመጡም። በዚያ ዓመት ግን «ለገና እመጣለሁ» ብለው ላኩ።

«ሙክት አርጄ ካላበላኋቸው ዕድሜ ልኬን የኔ ቢጤ እንደ ተባልኩ እቀራለሁ» ይል ነበር ሸዋንግዛው፣ የእህል አተላውን በጎድጓዳ ዕቃ ለሙክቱ እያቀረበ።

ደምሰውም የራሱ ጉዳይ አለው። የመንደሩ ልጆች ሜዳ ወርደው በገና ዱላ ሩሯን ሲያላጉ፣ ጩኸታቸው እስከ ቤቱ ይሰማዋል። እናቱ ግን «ወንድምህ ቆሞ እስኪሄድ ከአጠገቡ ንቅንቅ እንዳትል» ብላዋለች። ዱላውን ከቆረጠ ሰንብቷል፤ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀዋል።

የገብርኤል ዋዜማ ባልና ሚስት አውድማ ላይ ነበሩ። ደምሰው እያለከለከ መጣ።

«ሄደ! ምትኩ ሄደ!»

ትርንጎ መንሹን ወርውራ እልልታዋን አቀለጠችው። «ገብርኤል አባቴ! ሙክቱ ያንተ ነው!»

«የቱ ሙክት?» አለ ሸዋንግዛው።

«ስንት ሙክት አለን?»

ሸዋንግዛው በሬዎቹን አቆመ። «የአባትሽን ሙክት?»

«ልጅህ ሄደ እየተባልክ ስለ ሙክት ታወራለህ?»

«ቆይ እስቲ፤ መሄዱን ማን አየ?» ወደ ደምሰው ዞረ። ሩሯ ዐይኑ ውስጥ ስትንከባለል ያያት መሰለው። «አንተ፣ ለጨዋታህ ብለህ እንዳይሆን! ከየት እስከ የት ሄደ?»

«ከመደቡ እስከ በሩ።»

«ማን ይዞት?»

«ማንም። ብቻውን።»

«ምንም ሳይዝ?»

«ሙክቱን ይዞ።»

ባል ሚስቱን አየ፤ ሚስት ልጇን አየች።

«ታዲያ ብቻውን አይደለማ!»

«ሰው አልያዘውም እኮ አባዬ። ሙክቱም አልያዘውም። እሱ ነው ሙክቱን የያዘው።»

እየሮጡ ቤት ገቡ። ሙክቱ ያመሰኳል፤ ምትኩ አጠገቡ ተቀምጧል። ደምሰው የወንድሙን ሁለት እጆች አንሥቶ ከላቱ ከፍ ብሎ ያለው ጠጉር ውስጥ ሸጎጠለት። ሙክቱ ከመወፈሩ የተነሣ ሲነሣም በስንት ማቃሰት ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ምትኩም ተከትሎት ተነሣ። ሙክቱ እንደ ደብተራ እየተንጎማለለ ወደ በሩ አመራ፤ ልጁም ከኋላው ጡብ ጡብ እያለ ሄደ።

ትርንጎ አለቀሰች። ከዚያ፣ ለማረጋገጥ ያህል፣ የልጇን ጣቶች ከጠጉሩ አላቀቀቻቸው። ዘጭ! መልሳ አስያዘችው። ተነሣ፤ ሄደ።

«ይኸው ሄደ!» አለች።

«ይኸው አልሄደም!» አለ ባሏ።

ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው።

ጎረቤት ሊገላግል ገባና ጭራሽ አወሳሰበው። «ሽማግሌ በምርኩዝ ሲሄድ ሄደ አይባልም እንዴ?» አለ አንዱ። «ሰው በበቅሎ ሲሄድስ? ማን ሄደ ሊባል ነው፣ ሰውየው ወይስ በቅሎዋ?» አለ ሌላው። ሸዋንግዛው ራሱን ያዘ። «ልጁ ሄዷል ካልን ሙክቱ ለገብርኤል ይገባል። ሙክቱ ከገባ ልጁ አይሄድም። ልጁ ካልሄደ ስለቱ አልሰመረም። ስለቱ ካልሰመረ ሙክቱ ይመለሳል። ሙክቱ ከተመለሰ ልጁ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ...» እዚህ ሲደርስ ተወው።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ክንፉን ደጀ ሰላም አገኟቸው። መምሬ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስነገሩ።

«ስትሳይ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«ቆሞ ይሂድልኝ ብዬ ነው አባቴ።»

«ምንም ሳይዝ አላልሽም?»

«መልአክ አይደለም እንዴ! ሳልነግረውስ አያውቅም?»

መምሬ ጢማቸውን አሻሹ። ጭንቅላታቸውን ወዲህም ወዲያም ነቀነቁ። «ይህ ነገር ከመጽሐፍ የሚገኝ አልመሰለኝም» አሉ። ደምሰው ወንድሙን አዝሎ ቆሞ ነበርና «ምትኩንም ከሙክቱ ጋር አስገቡት» አለ። እናቱ አፉን በመዳፏ ከደነችው።

በመጨረሻ መምሬ እንዲህ አሉ፦ «ሙክቱ የመልአኩ ነው፤ ይህ አያከራክርም። መልአኩ ግን ለጊዜው ልጁን አስደግፎበታል። ልጁ በፈቃዱ የለቀቀው ዕለት ታስገቡታላችሁ። እስከዚያ ለስለትም አይነዳ፣ ለበዓልም ቢላ አይንካው።»

«አባቴ፣ ገናስ?» አለ ሸዋንግዛው።

«ገና የጌታ ልደት ነው ልጄ። ሙክት የሚታረድበት በዓል ያደረግነው እኛው ነን።»

ሸዋንግዛው «እሺ» ብሎ ወጣ። ምን ላይ እሺ እንዳለ ግን ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

ልጁ ሙክቱን መቼ እንደለቀቀው ባላገሩ እስከ ዛሬ አይስማማም። ገሚሱ በጥምቀት ማግስት ነው ይላል፤ ገሚሱ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው ይላል። መልቀቁን ግን ለቆታል፤ ሙክቱም ለገብርኤል ገብቷል። አባባሉ የተወለደው ከዚያ ቀድሞ፣ በገና ዕለት ነው።

በገና ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሸዋንግዛው ቢላውን ይስል ጀመር።

«ገብርኤልን አትፈራም?» አለችው ትርንጎ።

«ገብርኤልን እፈራለሁ። አባትሽን ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ። ለመልአኩ ከፋሲካ በፊት ሌላ አስገባለታለሁ።»

«ምትኩስ እስከዚያ ምን ይይዛል?»

ሸዋንግዛው ተነሣና ሙክቱን አንገቱን አስሮ ወደ ደጅ ሳበው። ሙክቱ ሲወጣ ልጁም ከኋላው ወጣ፤ ሁለት እጆቹ ጠጉሩ ውስጥ ናቸው። ሸዋንግዛው አንድ እርምጃ ሲስብ ሙክቱ ይራመዳል፤ ልጁም ይራመዳል። ሲቆም ሁለቱም ይቆማሉ። ቢላውን በአንድ እጁ፣ ገመዱን በሌላው ይዞ ግቢውን ሲዞር፣ ልጁ የመሄድ ደስታው በዝቶ ይስቃል። ሰውየው ዙሩን ማቆም አቃተው።

አቶ ወንድይራድ በበቅሎ የደረሱት ያን ጊዜ ነው።

«ምንድን ነው? እስካሁን አልታረደም?»

«አይ... ይህ የገብርኤል ነው ጌታዬ።»

«የገብርኤል ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ልጁ እስኪሄድ ነው።»

«ይሄው ይሄዳል አይደል?»

«ይሄዳል። ማለቴ አይሄድም።»

«የገብርኤል ከሆነ ደግሞ ቢላው ምንድን ነው?»

«ለእርስዎ ነው።»

አቶ ወንድይራድ ከበቅሏቸው ወረዱ። «እኔ ከሙክት አንሼ ነው ደጅ የምቆመው? አንተ ልጅ፣ ወንድምህን አንሣልኝ!» አሉት ደምሰውን። ቢላውንም ከአማቻቸው እጅ ተቀበሉ። «መልአኩ ቢቀየም እኔ ሁለት አስገባለታለሁ።»

ደምሰው ወንድሙን ከሙክቱ አላቆ መሬት ላይ አስቀመጠው። ምትኩ አላለቀሰም። ጡጫው ውስጥ የቀረችውን የጠጉር ቁራጭ ጨብጦ፣ የሚርቀውን ሙክት ብቻ ያያል። ከዚያ በቂጡ ይንፏቀቅ ጀመር፤ ደርሶ ሊይዘው። መሬቱ ውርጭ ነበር።

ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆማ ልጇን ታያለች። አባቷ ዞር ብለው ፊቷን አዩ።

«ያቺኛዋ...» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ያቺኛዋ ቆማ ሄዳ ነበር?»

«ሄዳ ነበር አባባ። እርስዎ ይመጣሉ በተባለ ቁጥር እስከ አጥሩ በር ድረስ ትሄድ ነበር።»

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ቢላውን አገላብጠው ሲያዩት ቆዩ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ ሸዋንግዛው ገመዱን ይያዘው ይልቀቀው ግራ ገብቶታል። ኋላ ቢላውን ወደ እሱ ዘረጉለት።

«ፍታው» አሉ። «ምን ሠርታችኋል?»

«ክክ ወጥ ነው አባባ» አለች ትርንጎ ተሽኮርምማ፤ «ቅቤ ገብቶበታል።»

ሸዋንግዛው ተርበተበተ። «ጌታዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ዓመቱን ሙሉ የቀለብኩት ሙክት ነው፤ በገና ቀን ክክ ላቀርብልዎ...»

አቶ ወንድይራድ ቤት ገብተው ጫማቸውን አወለቁ፤ ክኩን ሊበሉ መደቡ ላይ ተቀመጡና አማቻቸውን በእጃቸው ዝም አሰኙት፦ «ተው ልጄ፣ ክኩን አቅርብልኝ፤ የተደገፉትን አያርዱም።»