አባቶች የተመረቁበት ቀን

ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፍ አንድ ፕሮግራመር ነበር፤ ናሁሠናይ ይባላል። በሚሠራበት ኮሌጅ የተማሪዎችን መዝገብ የያዘውን ዳታቤዝ የሚጠብቁት ወይዘሮ እማዋይሽ ነበሩ።

እሳቸው በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ፕሮሲጀር፣ ማለትም ሲጠሩት መረጃ አውጥቶ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ አኑረዋል። የናሁሠናይ ፕሮግራም ሲጠራው «ተመራቂ» የሚባል ጥቅል ይመልሳል። በጥቅሉ ውስጥ የመታወቂያ ቁጥር፣ የተማሪው ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በተርታ ተቀምጠዋል። ናሁሠናይም ፕሮግራሙን «የመጀመሪያውን ዝለል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንብብ» ብሎ አዞታል።

ምርቃቱ ሳምንት ሲቀረው ወይዘሮ እማዋይሽ ቢሮው ድረስ መጡ።

«ናሁ፣ ጥቅሉን ላስተካክለው ነው። ቁጥሩን ከፊት አንስቼ ወደ መጨረሻ እወስደዋለሁ። ባንተ በኩልም...»

«ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ያንን ጥቅል ስድስት ዓመት ስፈታው ኖሬያለሁ» አላቸው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ጨፍነህ ሥራ» ብለው ወጡ።

በዋዜማው ዝርዝሩን አወጣ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም ይጠበቅ ነበር፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መጣ። ፕሮግራሙም ስህተት አለ አላለም፤ ለእሱ የልጅም ስም የአባትም ስም ያው ጽሑፍ ነው። ናሁሠናይ የሰው ስም መሆኑን አየና ለዲኑ ሰጠ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ዲኑ የመጀመሪያውን ስም ጠሩ፦ «ጌጤነህ ውብሸት!»

ከኋላ ወንበር አንድ ልብስ ሰፊ ብድግ አሉ። ልጃቸውን ትሁትን ሊያስመርቁ ከደብረ ታቦር የመጡ አባት ናቸው።

«እኔን ነው?» ብለው አጠገባቸው የተቀመጡትን ሰው ጠየቁ።

«ስምዎ ከሆነ ይሂዱ እንጂ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተጠርቶ ቁጭ ይባላል?»

ሄዱ። ዲኑም ዲፕሎማውን አስጨብጠው «ትምህርትን ዕድሜ አይገድበውም፤ ኮራንብዎ» አሏቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ትሁት ጋዋኗን እንደለበሰች አፏን ይዛ ቀረች። ቀጥሎ ጡረታ የወጡ ሾፌር ወጡ፤ ከዚያም አንድ መምሬ። አምስተኛው ላይ ዲኑ «ዘንድሮ ሴት አላስመረቅንም እንዴ?» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበርና ሰዉ ሳቀ። ናሁሠናይም አብሮ ሳቀ።

«ቢያድግልኝ ወርቅነህ» አሉ ዲኑ። ማንም አልተነሳም። ደግመው ጠሩ። ከተመራቂዎቹ መካከል አንዲት ልጅ ቆመች።

«አባቴ ናቸው» አለች። «ሐምሌ ላይ አርፈዋል።»

ሳቁ ቆመ። ናሁሠናይ ከመቀመጫው ተነሳ። ወይዘሮ እማዋይሽ ወደተቀመጡበት ሄዶ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥቅሉ ውስጥ አሁን ምን ምን አለ? በየትኛው ተርታ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አልገሠጹትም። አሁን መጀመሪያ ላይ ያለው የተማሪው ስም ስለሆነ ፕሮግራሙ የዘለለው እሱን መሆኑን አንድ በአንድ ነገሩት፤ ወደፊትም በተርታ ከመቁጠር ይልቅ እያንዳንዱን መረጃ በመጠሪያው ፈልጎ እንዲያነብ መከሩት። ዝርዝሩን አርሞ ሲመለስ ማይክሮፎኑን ለምኖ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። አቶ ጌጤነህ ዲፕሎማውን ለልጃቸው እያቀበሉ «ሩብ ሰዓት ሙሉ ምሁር ሆኜ ቆየሁ» አሉ። ስሞቹ እንደገና ሲነበቡ፣ «ዓይናለም ቢያድግልኝ» ሲባል አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበላት።

ወዳጆቼ፣ ናሁሠናይን የጣለው አለማወቅ አይደለም፤ ድሮ ማወቁ ነው። ትናንት ያወቅነው ነገር ሲለወጥ ሁልጊዜ ጮኾ አይነግረንም፤ ትክክል መስሎ ያልፋል። አንዳንዴ ግን የሚነግረን ሰው በራችን ድረስ ይመጣል። እናንተስ በቅርቡ «አውቀዋለሁ» ብላችሁ ሳታዳምጡ የሸኛችሁት ሰው ማን ነው?