አስካለ ልጇን ለማን ትስጥ?

በአንድ ወቅት፣ ፈንጣጣ ቆላውን በሚፈጅበት ዘመን፣ አንድ በር ብቻ ባላት አምባ ላይ አስካለ የምትባል ሴት ከሦስት ወንድሞቿ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ገደል ገብቶ ሲሞትባት ገና አራስ ነበረች።

በሩን የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሟ ገድሉ ነው። የመጪውን ፊትና መዳፍ እያየ፣ ቁስል ያለበትን ይመልሳል። የሟች ባሏ አጎት ከቆላ «ወየው ልጄን!» እያለ ሲደርስ ገላው ይተኩስ ነበር፤ ፊቱ ግን ጥርት ያለ ነው። ትኩሳቱን የሐዘን ነው አሉት። ለቅሶ ደራሽ ደግሞ ከበር አይመለስም፤ ነውር ነው። ሰውየው ገባ፣ አለቀሰ፣ ሁሉንም ስሞ ሄደ። ፈንጣጣ እንዲህ ተንኮለኛ ነው፤ በሰው ጓዳ ተሸሽጎ፣ በሰው ጉልበት ራሱን ያባዛል። ቁስሉ ፊት ላይ የሚወጣው ቤቱን ከወረሰ በኋላ ነው።

አምባው ሲታመም ገድሉ በሩን ዘጋ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው አሽሟጠጡት። ቆላ ዘመድ ልትጠይቅ ወርዳ የነበረች ሚስቱ መጣች።

«ገድሉ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈት!»

«አልችልም።»

ተመልሳ ወረደች፤ እዚያው ሞተች። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር በሽታ አልገባም።

መካከለኛው ማናዬ በልጅነቱ ፈንጣጣ ወጥቶበት የዳነ ነው፤ ፊቱ ስለተበሳሳ የምታገባው ሴት ጠፍታ ነበር። ገላው ጠላቱን ስለሚያውቅ ዳግም አይዘውም። ሰው ከሚሸሻቸው ቤቶች እየገባ ውኃ አጠጣ፣ ሬሳ አወጣ። አንድ ቀን ግን ጋቢውን ሳይለውጥ አስካለ ቤት ገባ። ታመመች። ሌት ተቀን አስታመማት። ነፍሷ ተረፈች፣ ዓይኗ ጠፋ።

ትንሹ ቢሰጥ ከነጋዴዎች የሰማው ነገር ነበረው፦ በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ የጤነኛን ክንድ መብጣት። ገላ ጠላቱን በጥቂቱ ያውቀዋል፣ ይዘጋጅለታል።

«መጀመሪያ የራስህን ልጅ!» አሉት።

የራሱን ልጅ በጣ። ቀጥሎ የአስካለን ሕፃን፣ ሳያስፈቅዳት ከእቅፏ ወስዶ በጣ። ከዚያ የሌላውን ሰው። ብዙዎቹ፣ የአስካለ ልጅም፣ ዳኑ፤ የራሱ ልጅ ግን ሞተ።

በሽታው ካለፈ በኋላ አስካለ ዓይኗን አጥታ ብቻዋን ልጅ ማሳደግ አቃታት። ሦስቱም መጡ።

«ለኔ ስጪኝ» አለ ገድሉ። «ሚስቴን ከፍዬበታለሁ።»

«እናቱን ያተረፍኳት እኔ ነኝ» አለ ማናዬ።

«ክንዱን ዳብሺው» አለ ቢሰጥ።

አስካለ ጠባሳውን ዳበሰች። ያደረጉላትን ታውቃለች፤ ያደረጉባትንም። ልጇን ከጡቷ አላቅቃ ወደፊት ዘረጋችው።

እስቲ ፍረዱ፤ ልጁ የሚገባው ለማን ነው?