የአንቀጥቅጥ ሜዳ ሣር

ለክርክር የቀረበው አርባ ጥማድ የግጦሽ መሬት ነበር። ያ መሬት ዛሬ አንቀጥቅጥ ሜዳ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዳር ባለው ቋጥኝ ሥር ከምትበቅል፣ ቁመቷ ከአንድ ስንዝር ከማይበልጥ ሣር ነው።

አባቶች እንደሚሉት፣ እመት ደብሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ በሞተ በአርባኛው ቀን የባሏ ወንድም ባላምባራስ አይቸው መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሦስት ምስክሮች ጋር ተነሣ። ምስክሮቹም ሴቲቱ ከጓዳ ወጥታ ሜዳውን ረግጣው አታውቅም ብለው ማሉ፤ አሥራ አንድ ዓመት ከብት ያሰማራችበትን ሜዳ።

ዳኛው ምስክሮቹን ትተው፣ በሜዳው ላይ የሚበቅለውን ትንሹን ሣር ሁለታችሁም ንገሩኝ አሉ ይባላል። ባላምባራስ ሳቀና «ሲናር ነዋ፤ ሣር ደግሞ ምን መልክ አለው?» አለ።

እመት ደብሬ ግን እንዲህ አለች፦ «ሲናር ጢም አለው፤ የእኔዋ ጢም የላትም። ፍሬዋ እንደ ትኋን ጠፍጣፋ ነው፤ ከፀጉር በቀጠነ ክር ላይ ይንጠለጠላል። አንዷ ዘለላ አሥራ ሰባት ፍሬ ትይዛለች። ስትደርቅ መዳብ ትመስላለች። ነፋስ ሳይኖርም ትንቀጠቀጣለች።»

«ወንድሜ በረሃብ የሞተው አንቺ ሣር ስትቆጥሪ ነዋ» አላት ባላምባራስ።

ዳኛው በማግስቱ ከሽማግሌዎች ጋር ሄደው ሊያዩ ቀጠሮ ሰጡ። ባላምባራስ ግን ቀድሞ ስልሳ ከብት በሜዳው ላይ ስለለቀቀ፣ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ መሬቱ ተላጭቶ አገኙት። እመት ደብሬም የከብት አፍ ወደማይደርስበት ወደ ቋጥኙ ሥር መራቻቸው፤ መዳፍ የምታህል ሣር ብቻ ቀርታ ነበር። ዳኛው ተንበርክከው ራሳቸው ቆጠሩ ይባላል። አሥራ ሰባት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር መሬት የእኔ ነው የሚል ሰው አስቀድሞ የመሬቱን ትንሿን ሣር እንዲናገር ይጠየቃል። ዛፉንማ መንገደኛም ያየዋል።

እንግዲህ የተገኘው አርባ ጥማድ ነው። የጠፋው መዳፍ ከምታህለው በቀር የአርባ ጥማዱ አንቀጥቅጥ በሙሉ ነው። ስልሳው ከብት ለበላው የከፈለ የለም፤ በሐሰት ከማሉት ከሦስቱም አንድ እንኳ አልተቀጣም። ዛሬም የአይቸው የልጅ ልጆች በበዓል ሰሞን ለሳሎን ጌጥ እያሉ ይነቅሏታል፤ ዘንድሮ ብቻ አሥራ አራት ዘለላ ቆጥሬባቸዋለሁ። ሣሯ የምትንቀጠቀጠው ከፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። ከንዴት ነው።