በሐሰት የተከሰሰው ዛፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቅጠል ቀጥቅጦ ሕመምተኛ የሚረዳ። መርሻ፣ «ከአባቴ የወረስሁትን ቅጠል ለመጡት ተመራማሪዎች ላሳያቸው ወይስ ልደብቀው?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ የምመልስልህ በዚህ ሰው ታሪክ ነው። ቁጭ በልና ስማ።

ይህ ሰው እብጠትና ክፉ ቁስል የሚያክምበት አንድ ዛፍ ነበረው። ነበረው ማለቴ እንኳ ስሕተት ነው። ዛፉ የበቀለው ወንዝ ዳር፣ የማንም ባልሆነ መሬት ላይ ነው፤ ያጠጣውም እግዚአብሔር ነው። ሰውዬው ግን የእኔ ነው አለ። ቅጠሉን የሚቀጥፈው በማለዳ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ነው። አባቱ «ለሰው ያሳየህ ዕለት መድኃኒቱ ይከሽፋል» ብለውት ነበርና።

ሰው እንዳይነካበትም ወሬ ነዛ። «ያ ዛፍ ጥላ ወጊ ጋኔን አለበት፤ በሥሩ ያለፈ በበሽታ ያልቃል» አለ። አገሩም አመነው። ውኃ ቀጂዎች መንገድ ቀየሩ። እንግዲህ ፍረድ! የፈጣሪን ፍጥረት የሰይጣን ማደሪያ ነው ብሎ ከሰሰው፤ ለምን ቢሉ፣ ለብቻው ሊቀጥፈው።

ኋላ ቅጠል የሚመረምሩ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ መጡ። አንዲት ልጅ እግር ተመራማሪ በትሕትና ለመነችው።

«አባባ፣ በቅጠል ውስጥ ብዙ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰውነታችንን እንደ ዝገት የሚበላውን ይከላከላል። አንዳንዱ ደግሞ የነቀርሳን ሕዋስ ሲገድል በብልቃጥ ውስጥ ታይቷል። እኛ ለይተን እናወጣዋለን፤ የሚያድነውንም የሚመርዘውንም እንፈትነዋለን።»

«ቅጠሌን ልስጥሽና አንቺ ልትከብሪበት?»

«ከፈሩ በሽማግሌ ፊት ውል እናድርግ።»

እሱ ግን ከአጥር ሥር ተራ ቅጠል ሸምጥጦ በጆንያ ሰጣት። መረመሩት፣ ምንም አጡበት። «ተማርን ይላሉ፤ አረም ተሸክመው ሄዱ!» እያለ በየጠላ ቤቱ ሳቀባቸው። ሳቀ እኮ!

በዓመቱ የገዛ ሴት ልጁ ጡት ላይ እብጠት ወጣ። ቅጠሉን ቀጥቅጦ ቢለጥፍላትም አልጎደለም፤ ሐኪም ቤት ወሰዳት። «ነቀርሳ ነው፤ ወደ ሳንባዋ ተዛምቷል፤ የቻልነውን እናደርጋለን» አሉት። ያን ጊዜ ልቡ ተሰበረ። ልጁን እዚያው አስተኝቶ፣ እውነተኛውን ቅጠል ወስዶ ለዚያች ተመራማሪ ሊሰጥ፣ እግሯ ላይ ወድቆም «መርምሪልኝ» ሊላት ወደ አገሩ ገሠገሠ።

ወንዙ ዳር ሲደርስ ጭስ አየ። ጎረቤቶቹ ደቦ ወጥተው ዛፉን ከነሥሩ ነቅለው እያነደዱት ነው። ላባቸውን እየጠረጉ ተቀበሉት።

«አይዞህ ወንድማችን! ልጅህን የለከፋትን ጣልንልህ።»

«ምን አደረጋችሁ?»

«ማለዳ ማለዳ በሥሩ ስታልፍ እናይህ ነበር። አንተስ አዋቂ ነህ፣ አይደፍርህም። ጥላውን ይዘህባት እየገባህ ነው እንጂ ልጅቱ ምን አድርጋ? ቡቃያ እንዳይተርፍ ጉድጓዱ ውስጥም እሳት አነደድንበት።»

በምን አፉ ይቆጣቸው? ያስተማራቸው እሱ ነው። ወንዙን ሽቅብም ቁልቁልም ፈለገ፤ እንደዚያ ያለ ዛፍ አላገኘም። ልጅቱም ፋሲካን ሳታይ ሞተች።

መርሻ፣ ቅጠሉ ያድናት ነበር አልልህም። አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም፤ ያች ተመራማሪም አታውቅም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው! የሚታወቅበት ነገር አመድ ሆኗል።

አንተ «የአባቴ አደራ ነው» ትለኛለህ። አደራ ማለት ለባለቤቱ የሚመለስ ነው። የቅጠሉ ባለቤት ያበቀለው ነው፤ ያበቀለውም ለታመመ ሰው ነው እንጂ ለአንተ ቤት ኩራት አይደለም። እንዳይቀሙህ ከፈራህ ሽማግሌ ጥራ፣ ውል ያዝ፣ ድርሻህን ጠይቅ፤ ይህ ነውር የለውም። መደበቅ ግን ገና ላልታመመች ልጅ መቃብር መቆፈር ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆመህ «አቤቱ ማረን» ትላለህ፤ ምሕረቱ ጓሮህ በቅሎ ሳለ በእሾህ ታጥረዋለህ። እንዲህ ያለ ጸሎት እኔ አላውቅም።

ያ ሰው አንተ ነህ። የአንተ ዛፍ ግን እስካሁን ቆሟል፤ ተነሥና አሳያቸው።