ያልታሰረችው ቅርንጫፍ

በድሮ ዘመን፣ ዱሩ ከደጅ በማይርቅበት ዘመን፣ አጥናፉ የሚባል አዳኝ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁም ይፈጥናል። «ጦሬ ስቶ አያውቅም!» እያለ ሲፎክር ሚስቱ ማንጠግቦሽ «ተው አንተ ሰው፣ ዱር ይሰማል» ትለው ነበር።

በዚያ አገር፣ ልጆች፣ አንድ ሕግ አለ። አውሬ አቁስሎ ያመለጠው ሰው መንገዱ ላይ ለምለም ቅርንጫፍ አስሮ «ቆስሏል!» ብሎ ይጮኻል። ያን ያየ በዚያ አያልፍም። የቆሰለ ነብር አድብቶ ሰው ይጠብቃላ!

አንድ ቀን አጥናፉ ነብር ወጋ። ነብሩ ጭኑን ተወግቶ መንደሩ ውሃ ከሚቀዳበት ምንጭ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ገባ። አጥናፉ ቅርንጫፍ ሰበረ። ሊያስራት ሲል ግን «ሳተ ብለው የመንደሩ ሴቶች ይስቁብኝ? ማለዳ መጥቼ እጨርሰዋለሁ» አለና ቅርንጫፏን መንገድ ዳር ጣላት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችው። «ደክሞኝ ነው» አለ።

ጎረቤቱ «ጦርህ ላይ ያለው የምን ደም ነው?» አለው። «የድኩላ» አለ።

ሽማግሌው አባ ይመኑ «ዱሩ ሰላም ነው?» አሉት። «ሰላም ነው» አለ።

ጭንቀት እንቅልፍ ነስቶት አደረ። ሊነጋ ሲል ሸለብ አደረገው። ሲነቃ ፀሐይ ወጥታለች፤ እንስራው ከቦታው የለም፤ ማንጠግቦሽም የለችም።

«አምላኬ፣ ሌላ ምንጭ ወርዳ ይሁን!» ብሎ ሮጠ። «መንገድ ላይ ወሬ ይዟት ይሁን!» ብሎ ሮጠ። «ነብሩ ሞቶ ይሁን!» ብሎ ሮጠ።

ምንጩ ጋ ሲደርስ እንስራው ተሰባብሯል። ነብሩ የማንጠግቦሽን ክንድ ነክሷል። አጥናፉ ጦሩን ሰካበት፤ ነብሩም ወደቀ። ያን ጊዜ፣ ልጆች፣ ትናንት ያልጮኸው ሰው «ቆስላለች! ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን ሰለለ።

መንደርተኛው ነብር ገዳይ ብሎ ቅቤ ሊቀባው፣ ቆዳውን ሊያለብሰው መጣ። ማንጠግቦሽ ግን የወደቀችው ሳትታሰር የተጣለችው ቅርንጫፍ አጠገብ ነበርና ነገሩ ገብቷታል።

«አጥናፉ» አለችው፣ «ቅርንጫፏ ይህን ያህል ከበደችህ?»

እሱም አንገቱን ደፋ። ሰዎቹ ቅቤውንም ቆዳውንም ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ እንስራ አዝሎ ምንጭ የሚወርደው አጥናፉ ሆነ። ሴቶቹ በየቀኑ ያዩታል። አንዲትም አልሳቀችበትም፤ እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አንዳንዴም በሽታው የሚይዘው ሌላውን ነው። እኔ ተረቴን አደረስኩ፤ እናንተ ቅርንጫፋችሁን እሰሩ።