ከደረቱ የታጠበው ምልክት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሁሉን የሚጠረጥር። ሚስቱ ውሃ ብታቀርብለት እንኳ አስቀድሞ እሷን ያስቀምሳት ነበር። ይህ ሰው ልቡ በድንገት እየጋለበ ይጥለው ጀመር። ሐኪሞች ከቆዳው ሥር የቀበሩለት መሣሪያ ልቡ በጋለበ ቁጥር እንደ መብረቅ እየመታ ይመልሰዋል። መድኃኒቱም፣ ልቡን ከውስጥ ሊያክም በደም ሥሩ የገባው ቀጭን ሽቦም ሕመሙን አላቆሙለትም።

አንዲት ሐኪም፣ «የሚያስጋልበው ልብዎ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ሳንቀድ፣ ከውጭ በጨረር አንድ ጊዜ እንመታዋለን» አለችው።

ሁለት ቀን፣ አይ፣ ተሳሳትኩ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሲለኩት ውለው፣ ደረቱ ላይ በቀለም ምልክት አደረጉ። «የምናነጣጥረው በዚህ ነውና እንዳይለቅ» ብለው አሰናበቱት።

እሱ ግን ምልክቱን ባየ ቁጥር ይሸማቀቃል።

«ምን ብለው ጽፈውብኝ ይሆን?»

«ተው አንተ ሰው! ደረትህ ላይ እንጂ ነፍስህ ላይ አልጻፉም» አለች ሚስቱ።

አልሰማትም። ጠበል ወርዶ በድንጋይ ፈትጎ አጠበው።

በቀጠሮው ቀን ነገሩን ደብቆ ማሽኑ ሥር ተጋደመ። ሐኪሟ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ማሽኑንም አስጠፋች።

«ይነሡ።»

«ትናንት እንኳ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ! ቦታውን ያውቁት የለም? በግምት ይምቱት!»

«በግምትማ አልመታም። አጠገቡ ሳንባዎ አለ፣ ጨጓራዎ አለ። ልኬቱ እንደገና ይጀመራል።»

ሰውዬው ከማሽኑ ሥር ተነሣ፤ ነገሩም ገባው። ሊያታልለው የፈለገ ሰው በዚያች ሰዓት እሺ ይለው ነበር።

እንደገና ለኩት። አዲሱን ምልክት በሻሽ ሸፍኖ ውሃ ሳያስነካ ጠበቀው፤ ጨረሩም ተላከ። ዳነ። ዳነ ማለት እንኳ ይበዛል፤ በየሳምንቱ ይመታው የነበረው መሣሪያ ግን ለወራት ጸጥ አለ።

ልጄ ውዴነሽ፣ ትምህርት ቤቱን ልትመሪ በተሾምሽ በወሩ ፈተና ሾልኮ ወጣብሽና «መምህራኑን ሁሉ ልጠርጥር ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥርጣሬ እንደዚያ ጨረር ነው። ስፍራውን ለክተሽ ከላክሽው ጠባሳውን ያገኛል፤ እንዲሁ ከበተንሽው ግን ጤነኛውን ያቃጥላል። እኔ ራሴ አርባ ዓመት ሳስተምር ሳልለካ የመታሁት ልጅ ብዙ ነው። አንቺ ግን ጠባሳው የት እንዳለ እስክታውቂ ድረስ ማሽኑን አጥፊው።